የምን ዘር ነው?

አጅዋንግ አንገት ሳትለካ አትሠራም። ኒውላንድ ሰፈር፣ መንገድ ዳር፣ ከእኔ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ ከዛፍ ፍሬና ከዓሣ አጥንት የአንገት ጌጥ የምትሠራ የአኝዋ ሴት ናት። የሁመር ፍሬ ትቀቅልና ሳይቀዘቅዝ በጋለ ሽቦ ትበሳዋለች። ያለቀለት ጌጥ ስጪኝ የሚላት ገዢ ሲመጣ «አንገት አምጣ!» ትለዋለች። ዙሪያውን በክር ለክታ በልኩ ትሰካለታለች። እኔ ቦጋለች ደግሞ ነገር ካላወቅሁ ምሳም አይወርድልኝም። «ምን ያደክምሻል? አንድ ልክ ይዘሽ ለሁሉም አትሠሪም?» ብላት፣ «አንቺ ቀሚስ በግምት ትሰፊያለሽ?» ብላ አፌን ዘጋችው።

ዘንድሮ ግን ያላስቀመጠኝ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ልጇ ኦጅዋክ ሊያገባ ቢል፣ ልጅቷ የኑዌር ልጅ ሆና ተገኘች። አጅዋንግ በአኝዋና በኑዌር ግጭት ወንድሟን የቀበረች ሴት ናት። «ደጄን እንዳትረግጥ» አለች። እሱም «እንግዲያው ዲማ ወርቅ ልቆፍር እሄዳለሁ፤ አትጠብቂኝ» ብሎ ሻንጣውን አሰናዳ። ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ብላ ፍሬዋን ትሰካለች። አሳዘነችኝ። አናደደችኝም። ለመሆኑ ልጅቷ ምን ትመስል ይሆን? እናትስ እስከ መቼ ትጨክናለች? እንጃ፣ እኔ በሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ቀጭን ረጅም ልጅ መጣች። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ከሚሠሩት መሆኗን ከለበሰችው ሰደርያ ለየሁ። ፍሬዎቹን እያነሣች ትጠይቃለች፤ ይሄ ከየት ተለቀመ? ይሄስ ለምን ጠቆረ? ያኛው በዝናብ አያብጥም? እሰይ፣ እንደኔ ወሬ የጠማት መጣች አልኩ። አጅዋንግም ደስ ብሏት፣ ከባሮ ዳር ምን እንደምትለቅም፣ የቱን ቅጠል ቀቅላ እንደምታጠቁር ስታጫውታት ቆየች።

«በይ አንገት አምጪ» አለችና ክሩን አዞረችባት። ልጅቷ እየተለካች አንዲት ቀይ ፍሬ አነሣችና፣ «እናቴ፣ የምን ዘር ነው?» ብላ ጠየቀች።

አማርኛ ለሁለቱም የገበያ ቋንቋ ነው። አጅዋንግ ስለ ራሷ የተጠየቀች መሰላት። ፊቷ ተለወጠ።

«አኝዋ ነኝ! አንቺስ የማን ዘር ነሽ?»

«ኧረ እናቴ፣ ፍሬዋን ነው የጠየቅሁት!» ልጅቷ ሳቀች። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ልጅቷ ፍሬዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ኑዌር ነኝ» አለች። «ኛዊዩዋል ነው ስሜ። ኦጅዋክ ሊያገባ የፈለገው እኔን ነው። ሳይሄድ አንድ ጊዜ ልይሽ ብዬ መጣሁ።»

እግዚኦ! ክሩ አንገቷ ላይ ነው፤ ሁለቱም ጫፍ አጅዋንግ እጅ ውስጥ። መኪናዬን አቆምኩ። አንዷ አልሸሸች፣ አንዷ አልለቀቀች። አጅዋንግ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። አሁን ምን ልትላት ይሆን?

አጅዋንግ ክሩን ሁለት ጣት ያህል ለቀቅ አድርጋ ቋጠረችው።

«ትንሽ ይስፋ» አለቻት። «ስትወልጂ አንገትሽ ይወፍራል።»