ካርቱም ላይ ያዋረደችኝ የጂኒ ልጅ

ከጋይንት የወጣሁት ሐሙስ ማታ ነው። በነጋታው አርብ ገበያ ስለሚቆም ከሩቅ የሚመጣው ሰው አህያውን እየነዳ ማታውኑ መንገዱን ይሞላዋል፤ በዚያ መሀል አንድ ጠፊ ማን ያየዋል ብዬ ነው ሐሙስን መምረጤ። ያላየኝ ሰው የለም። እኔ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ገበያተኛው ሁሉ ከፊቴ እየመጣ "ዲያቆን፣ ገበያው እኮ በወዲህ ነው" እያለ ሲያቃናኝ አመሸ። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቼ፣ እንደኔም በሰው አገር የቀራችሁ፣ የኔ ስደት እንዲህ በመሳቂያነት ተጀምሮ በመሳቂያነት የቀጠለ ስለሆነ ስታነቡት አትቸኩሉ፤ የሚያሳፍረው ገና ነው።

በስልቻዬ በሶና አንድ መጽሐፍ ይዣለሁ። ዳዊት ቢሆን ኖሮ ይህን በኩራት እጽፈው ነበር። ዳዊቴን ግን ረስቼው ነው የወጣሁት። የያዝሁት የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያስተምር የነበረ አንድ መምህር የሰጠኝ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከወንዝ ሥር የሚኖር የጂኒ ንጉሥ ልጅ አንድ ድሃ ታንኳ ቀዛፊ ትወዳለች። ለሱ ስትል ውኃዋን ትታ ወጥታ ወንዙ ዳር ጎጆ ትቀልሳለች። እሱ "አባትሽን የሚመጥን ወርቅ ይዤ ልምጣ" ብሎ ይሄዳል። እሷ ሰባት ዓመት ትጠብቀዋለች። ሲመለስ እግሩን ታጥበዋለች። በቃ። እኔ "እግሩን አጠበችው" የሚለው ላይ በደረስሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል፤ የታጠበው የኔ እግር ይመስል።

ያን መጽሐፍ በበዓል፣ በሬ በማይጠመድበት ቀን፣ እጮኛዬ አትጠገብ ቤት እየሄድሁ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። እኔ ያን ጊዜ እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የምማር ባለ ድምፅ ተማሪ ነኝ። አባቷ ከኔ አፍ የሚወጣው ሁሉ ገድልና ድርሳን ስለሚመስላቸው የጂኒዋን ልጅ ሰማዕት አደረጓት። ስጀምር ተነሥተው ጋቢያቸውን ያደገድጋሉ፤ ስጨርስ መጽሐፉን ተሳልመው "በረከቷ ይደርብን" ይላሉ። አትጠገብ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ በሳቅ ትፈርሳለች። እኔስ? እኔማ በዜማ "አሜን" እላለሁ። ለሰርጋችን የሚሆን ጥሪት ይዤ በዓመቱ እመለሳለሁ ብያት የወጣሁትም ከዚያ መጽሐፍ ተምሬ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች።

መተማን አልፌ ገላባት ስደርስ አንድ የሱዳን መኮንን ስልቻዬን ፈተሸው። በሶዬን አሽትቶ መለሰው፤ መጽሐፉን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። በአስተርጓሚ አነጋገረኝ።

"ይኼ ሲያሳ ነው?" ፖለቲካ ማለቱ ነው።

"አይደለም ጌታዬ፣ ወዳጇን የምትጠብቅ ሴት ታሪክ ነው።"

"ስንት ዓመት ጠበቀችው?"

"ሰባት።"

መጽሐፉን ወረወረልኝ። "እለፍ። ውሸት ቀረጥ የለውም።"

ካርቱም ገብቼ ዳቦ ቤት ተቀጠርሁ። ያስቀጠረኝ የእስቴው ሰው አያ አበጀ ነው፤ ከኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ የመጣ፣ ጢሙን ሳያረጅ ዱቄት ያሸበተው። ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። የጉናን ብርድ ስረግም የኖርሁ ሰው፣ እምድጃው ፊት ስቆም ጉናን በስሙ እየጠራሁ ይቅርታ ለመንሁት። ኪስራ የሚሉት እንጀራ መሳይ አላቸው፤ ከመሳሳቱ የተነሣ ማዶ የተቀመጠውን ሰው ያሳያል። ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው፤ ሰላምታቸው እንደኛ አገር እስከ ከብቱ ድረስ ይጠይቃል። ያከራየችን ሐጃ የምንላት ባልቴት በየዓመቱ መቼ አገርህ ትገባለህ ትለኛለች። በሚመጣው ዓመት ስላት፣ "እንግዲያው ጣሪያውን ዘንድሮ ምረገው፤ አንተ ከሄድህ ማን ይመርገዋል" ትላለች። ስንት ጊዜ እንደ መረግሁት አትጠይቁኝ። ዓመቱ ሲገባደድ ጥሪቱ ትንሽ ይቀረዋል እላለሁ፤ ጥሪቱ ሲሞላ ደግሞ መንገዱ አስጊ ሆኗል እላለሁ።

አንድ ቀን ከጋይንት የመጣ ቆዳ ነጋዴ፣ ለአትጠገብ አባት ከስማዳ ሽማግሌ ተልኮባቸዋል ብሎ ነገረኝ። ፈላጊዋ ሚስቱ የሞተችበት ደህና ገበሬ ነው አለ። እሷስ ምን አለች ብዬ ብጠይቀው "እኔ ቆዳ ነጋዴ ነኝ" ብሎኝ አረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ዕለት ስንቁን ይቋጥራል። እኔ ምን አደረግሁ? መጽሐፉን አወጣሁና መጨረሻውን አነበብሁት። እግሩን አጠበችው። ተጽናንቼ ተኛሁ።

በዚያው ሰሞን መጽሐፌ በግብጾች ፊልም ሆኖ ካርቱም መጣ። አያ አበጀን እየጎተትሁ ሄድሁ። ሲኒማ ቤቱ ጣሪያ የሌለው፣ ኮከቡ ከላይ የሚታይ ነው፤ እኛ ርካሹ አግዳሚ ላይ ታሳሊ የሚሉትን የሐብሐብ ፍሬ እየፈለቀቅን ተቀመጥን። የአተር ቆሎ ለለመደ ጥርስ ታሳሊ ሥራ እንጂ ምግብ አይደለም።

ገና ሲጀምር ተናደድሁ። በመጽሐፉ ታንኳ ቀዛፊው በረኃብ የከሳ ነው፤ እዚህ ጉንጩ የሞላ፣ ፀጉሩ ቅቤ የጠጣ ሰው መጣ። በመጽሐፉ የጂኒዋ ፀጉር ተረከዟን ይነካል፤ እዚህ ትከሻዋ ላይ ቀረ። በመጽሐፉ እንደ ጉም ተና ትጠፋለች፤ እዚህ ጢስ አጨሱባትና አሳላት። ሰውየው ገና ታንኳውን ሳይገፋ ይዘፍናል፤ ከገፋም በኋላ ይዘፍናል። ለአያ አበጀ በጆሮው "ይህ የለም፣ ይህም የለም" እያልሁ አታከትሁት።

ሰውየው ወርቅ ፍለጋ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። መጽሐፉ ያን ሰባት ዓመት "ጠበቀችው" በምትል በአንዲት ቃል ያልፈዋል። ፊልሙ አላለፈውም። ውኃ ስትቀዳ አሳየን። መንደርተኛው ሲዘባበትባት አሳየን። ማታ ኩራዟን ለኩሳ፣ መንገዱን አይታ፣ ዘይቱ እንዳያልቅባት መልሳ ስታጠፋው አሳየን። ዐረብኛዬ ዱቄት፣ እሳትና ፍጠን ከሚሉት የማያልፍ የዳቦ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ለዚህ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ሳነብ፣ ያች ልጅ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ እንደ ዋለች አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ሰውየው ወርቁን ይዞ መጣና በሩን መታ። እኔ የእግር ውኃውን እጠብቃለሁ። እሷ በመስኮት አየችው፤ ረዥም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ወረወረችበት።

በኛ ጉባኤ ቤት ተማሪ ዜማ ሲስት የሰማ ሌላ ተማሪ ዝም ካለ፣ ከሳተው እኩል ይቀጣል። ያወቀ ከተቀመጠበት ተነሥቶ "ይመለስ!" ይላል፤ የሳተውም ተመልሶ አቃንቶ ይለዋል። ይህ ልማድ አጥንቴ ውስጥ መኖሩን ያወቅሁት ከአግዳሚው ብድግ ብዬ፣ በዚያ የኔታ ባሞገሱት ድምፄ "ይመለስ! እንዲህ አይደለም! ይመለስ!" ስል ነው። ፊልሙ አልተመለሰም። ሕዝቡ ግን ወደኔ ተመለሰ። ሳቁ እንደ በረዶ ወረደብኝ፤ የታሳሊ ገለባም ተከተለ። ሁለት ዘበኞች ብብቴን ይዘው በር ላይ ለቆመው ፖሊስ አስረከቡኝ።

"ምን አደረገችህ?" አለኝ ፖሊሱ፤ ተከትሎኝ የወጣው አያ አበጀ ያስተረጉማል።

"በሩን ዘጋችው።"

"በሩ የማን ነው?"

"የሷ።"

"ባሏ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያስ ምን አገባህ?"

አያ አበጀ ይህን አላስተረጎመም፤ ይህ በሽተኛ ነው ብሎ አስለቀቀኝ። መንገዱን ሙሉ ሲስቅ መጣና አንድ ድልድይ ጋ ስንደርስ ሳቁን አቆመ።

"የጂኒ ልጅ አታረጅም" አለኝ። "አትጠገብ ታረጃለች። ወይ ሂድ፣ ወይ ልቀቃት።"

በቆዳ ነጋዴው መልእክት ላክሁባት፤ በተቀጠረው ቀን ደብረ ታቦር ስልክ ቤት ወጥታ እንድትጠብቅ። እኔም ካርቱም ስልክ ቤት ቃሌን እንደ ቅኔ እያወረድሁ ዋልሁ። ከእንግዲህ አትጠብቂኝ እላታለሁ፤ ታለቅሳለች፤ እኔ አጽናናታለሁ፤ በክብር ተለያየን ማለት ነው። ስልከኛው ሲጠራኝ መነጋገሪያውን በሁለት እጄ ያዝሁ።

"አትጠገብ፣ ከእንግዲህ አትጠብቂኝ" አልሁ፤ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

ሽቦው ውስጥ ነፋስ ነፈሰ። ቀጥሎ ያ ነጠላ የጠቀጠቀችበት ሳቅ መጣ።

"አንተ፣ ማን ሊጠብቅህ ኖሯል? ጥር ላይ እኮ ነው የተዳርሁ። ነጋዴውን ሽማግሌው መጣ ብቻ በለው ያልሁት እኔ ነኝ፤ በሰው አገር እንዳይከፋህ ብዬ።"

ምድር አልተከፈተችልኝም እንጂ እገባ ነበር። ታዲያ እዚያ ድረስ በእግርሽ ለምን መጣሽ አልኋት።

"ከካርቱም ትፈለጊያለሽ ሲሉኝ ሞትህን ሊያረዱኝ መሰለኝ። ነጠላዬን እንኳ አዘቅዝቄ ነው የቆምሁ።" ቀጥላም "ላስተካክለው?"

"አስተካክይው" አልሁ።

ከዚያ ስለ ፊልሙ ነገርኋት፤ ስለ ጢሱ፣ ስለ ጉንጩ፣ ስለ ኩራዙ። መቀርቀሪያው ላይ ስደርስ "ደግ አደረገች" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

"ሰውየውስ? ከዚያ ወዴት ሄደ?"

"አላየሁትም። አስወጡኝ።"

"ተመልሰህ ግባና እይ እንጂ" አለች። "ያሳዝናል እኮ እሱም።"

በማግስቱ ዱቄቴን ሳላራግፍ ሲኒማ ቤቱ ሄድሁ። ግድግዳው ላይ የሌላ ፊልም ማስታወቂያ ለጥፈውበታል።