ለባዶ ቤት የተነበበ አዋጅ

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። ባላገሩ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ዳኛው በአማርኛ ይሰማል፣ እኔ መሐል ቆሜ አሻግራለሁ። ተናጋሪው «እኔ» ካለ አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል፤ «እሱ ተደበደብኩ ይላል» የሚባል ነገር የለም። እናም በአንድ ጧት ስደበደብ፣ ስደበድብ፣ በሬ ስሰርቅ፣ ባል ጥሎኝ ሲሄድ እውል ነበር። ሚስቴ ቤት ስገባ «ዛሬ ደግሞ ማን ሆነህ መጣህ?» ትለኛለች።

በሰፈራችን አንድ ስፔናዊ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። እኔ የወንጌላውያን ልጅ ነኝ፤ እሳቸው ግን ነፍሴን ትተው ጨዋታዬን ወደዱት። አንድ ቀን ያገራቸውን ጉድ አወጉኝ። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ወታደሮቻቸው ባሕር ተሻግረው የሰው አገር ሲገቡ አንድ አዋጅ ያነቡ ነበር አሉ፦ ገብሩ፤ እምቢ ካላችሁ መሬታችሁንም ነፍሳችሁንም እንወስዳለን፣ ጥፋቱም የእናንተው ነው። የሚነበበው አገሬው በማያውቀው ቋንቋ ነው። አንዳንዴም ሰው ሸሽቶ ባለቀበት መንደር፣ ለጎጆና ለዛፍ።

ሳቄን ለቀቅኩት። እሳቸው አልሳቁም። አንድ መነኩሴ መምህር ተነሥቶ፣ እነዚያ ሰዎች ባይጠመቁም መሬቱ የራሳቸው ነው፣ ባለቤትነት ከሰውነት እንጂ ከንጉሥ ችሮታ አይመጣም፣ በደል ያላደረሰ ሕዝብ ላይ ጦር ማንሣት ግፍ ነው ብሎ እንዳስተማረ ነገሩኝ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አልኳቸው።

«እሱ ግን ከሰሰ፣ ልጄ» አሉኝ።

በዚያው ዓመት ከመኸር በኋላ አንድ ሹም ጸሐፊና ዘበኛ አስከትሎ ወደ ዴዴሳ ቆላ ይዞኝ ወረደ። አንድ የነቀምቴ ባለጠጋ እዚያ ያለችውን መንደር መሬት ጠፍ ነው፣ ባለቤት የለውም ብሎ ለራሱ ጠይቋል። ደንቡ አዋጁ እቦታው ላይ ተነቦ ባለቤቱ ሦስት ጊዜ እንዲጠራ ነው። መልስ ከጠፋ መሬቱ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው መንደርተኛው በሙሉ ወንዝ ማዶ ቀብር መሄዱን ነገረን። ቀኑን ማን እንደመረጠው አልጠየቅሁም፤ የሹሙ ፈገግታ በቂ ነበር።

የደረስነው በጠራራ ፀሐይ ነው። በሮቹ ክፍት ናቸው። ከአንዱ ጎጆ ክዳን ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ ደጁ ላይ በቁርበት የተሰጣ ማሽላ አለ፣ ከማሽላው ላይ ወፍ እንኳ የለም። ውሾቹ ነበሩ፤ ነገር ግን አልጮሁም። ተኝተው ያዩን ነበር። ውሻ የማይጮህበት መንደር አይቼ አላውቅም።

ሹሙ አነበበ። «ተርጉም እንጂ፣ ደንብ ነው!» አለኝና ሳቀ። ለበርና ለግድግዳ በኦሮምኛ ጮህኩ። የቄሱ ወሬ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን ስቄበት ነበር። ባለቤቱ አንዴ ተጠራ፣ ዝም። ሁለቴ ተጠራ፣ ዝም። በሦስተኛው ጊዜ፦

«አለን፣ ጌታዬ።»

ጥርት ያለ የፍርድ ቤት አማርኛ ነበር። ሹሙም ጸሐፊውም ዘበኛውም ዞረው እኔን አዩኝ። ድምፁ የእኔ ነበር። ልናገር አላሰብኩም፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስም አልታወቀኝም።

«ማን ተናገረና ነው የምትተረጉመው?» አለ ሹሙ።

«እኔ እዚህ ሥራ ላይ የራሴን ቃል ተናግሬ አላውቅም፣ ጌታዬ።» እውነቴን ነበር። ፈርቼም ነበር።

ዘበኛውን ጭስ ወዳለበት ጎጆ ግባ ቢለው እምቢ አለ። ሹሙ ራሱ ሄዶ አንገቱን ወደ ጨለማው አሰገገ፣ ወዲያው መለሰውና በቅሎው ላይ ወጣ። ጸሐፊው አማተበና «ባለቤቶቹ መልስ ሰጥተዋል» ብሎ ጻፈ። ነቀምቴ ስንገባ ሹሙ «ከነገ ጀምሮ ፍርድ ቤት ደጃፍ እንዳላይህ» አለኝ።

መልስ ተሰጥቷልና ነገሩ ወደ ክርክር ሄደ፤ መንደርተኛው ምስክር ቆጥሮ መሬቱን አስቀረ። ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቤቴ መጡ። ጭስ የሚወጣበት ጎጆ ባለቤት ናቸው።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ያን ቀን ቤት ውስጥ እናቴ ነበረች። እግሯ አይሄድም፣ ለቀብሩ ልንወስዳት አልቻልንም።»

«እሳቸው ናቸዋ የተናገሩት!» አልኩ፤ የተሸከምኩት ሁሉ ከላዬ የወረደ መሰለኝ።

ሽማግሌው የለም በማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። እናታቸው ባላቸው በጣሊያን ጊዜ ከሞቱ ወዲህ ቃል ተናግረው አያውቁም። መንደርተኛው ከቀብር ሲመለስ ግን እናትየዋ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው በጣታቸው አፋቸውን ነክተው ወደ ነቀምቴ መንገድ ጠቆሙ።

«እኛ ድምጿን ረስተነዋል» አሉኝ ሽማግሌው። «እንዴት አድርጋ እንዳለችው እስቲ በእኛው ቋንቋ ንገረኝ።»

በኦሮምኛ ምንም አልሰማሁም ነበር። ቢሆንም አፌን ከፈትኩ።

«ጅርራ» አልኩ፣ አለን።

ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑና፣ «እሷ ናት» አሉ።