የውብአየሁ ሰባተኛ ቤት

ውብአየሁን የማያውቅ የዓለም ገና ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው። ሰበታ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ትውላለች፤ ማታ ሰፈር ስትገባ ደግሞ የሰው ኮከብ ትቆጥራለች። እኔ ራቢአ እባላለሁ፤ ከእነ ውብአየሁ ቤት ፊት ለፊት ሳሙናና ዘይት እሸጣለሁ። በኮከብ አላምንም። እሷ ግን ሳልጠይቃት የእኔንም ቆጥራ፣ «ሜርኩሪ ሁለተኛ ቤትሽ ገብቷል፤ አፍሽ የማያርፈው ለዚህ ነው» አለችኝ። ሳምንት አኮረፍኳት።

ይህን ነገር ያስለመዳት ሚስተር ሱሬሽ የሚባል ህንዳዊ የፈረቃ አለቃዋ ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ስልኳ ላይ የህንድ ኮከብ ቆጠራ አፕ ጭኖላት ሄደ። እሱ እንዳስተማራት ከሆነ ሰማዩ እንደ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አሥራ ሁለት ቤት አለው። አራተኛው የእናት፣ የመኖሪያና የተሽከርካሪ ነው። ሰባተኛው የትዳር፣ አሥረኛው የሥራ። ተከራዮቹ ፕላኔቶቹ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚያመለክቱት ነገር አላቸው። ቬኑስ ውበትን፣ ሽቶን፣ ዘፈንን፣ ትዳርን፣ ጌጠኛ መኪናን ሳይቀር ታመለክታለች። ሳተርን ደግሞ የብረት፣ የዘይት፣ የጉልበት ሥራና የመዘግየት ነው።

ታዲያ የተወለደችበትን ቀንና ሰዓት ስታስገባ የውብአየሁ ቬኑስ የት አርፋ ብትገኝ ጥሩ ነው? ሰባተኛ ቤት! ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነችም። «የእኔ ባል ሽቶ ሽቶ የሚሸት፣ መልከ መልካም፣ ድምፁ ያማረ ነው» ብላ ቁጭ አለች። ሚኒባስ ውስጥ ሽቶ የተቀባ ወንድ ከገባ አንገቷ እስኪጣመም ዞራ ታያለች። አንዱን እያየች «ወራጅ» ማለት ረስታ ተጂ ድረስ ሄዳለች። ሰውየው ለካ መኪና ውስጥ የሚንጠለጠል ሽቶ አዟሪ ነው። ሁለት ገዝታ ተመለሰች። መኪና ግን የላትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኢተፋ ከሱቄ ጎን ባጃጅ ይጠግናል። እስከ ክርኑ ግራሶ የተለቀለቀ፣ በሁሉ ነገር የሚዘገይ፣ ግን ደህና ልጅ ነው። ነገ ይደርሳል ያለው ባጃጅ በሳምንቱ ይደርሳል፤ አንዴ እሱ ከነካው ግን ቶሎ አይበላሽም። ውብአየሁን ሲያይ መፍቻው ከእጁ ይወድቃል። እሷም ብትሆን በእሱ በኩል ለማለፍ ብላ አስፋልቱን ሁለት ጊዜ ስትሻገር በዓይኔ አይቻለሁ።

«አካም ጅርታ፣ ውቤኮ?» ይላታል። እንደምን አለሽ፣ የእኔ ውቤ ማለቱ ነው።

«ፈያ ነኝ።»

«ኮከቡስ፣ ስለ እኔ ምንም አይልም?»

«አንተ ሳተርን ነህ፣ ኢተፋ። አሥረኛ ቤቴ ውስጥ ነህ፤ የሥራ እንጂ የትዳር አይደለህም።»

እሱ ይስቃል። ጀርባዋን ስታዞር ሳቁ እንዴት እንደሚጠፋ የማየው ግን እኔ ነኝ። በጣም ነበር የምናደድባት።

በመጨረሻ ኢተፋ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ለእናቷ ለእትዬ አስካለ አስነገረ። እናትየው ደስ አላቸው። ውብአየሁ ጭንቅ ውስጥ ገባች። እምቢ ብትል እናቷ ሊያለቅሱ ነው፤ እሺ ብትል ቬኑስ ልታመልጣት ነው። መላ ያገኘችው እዚያው አፕ ላይ ነው። ራሁ የሚባል ክፉ ጥላ አለ፤ እሱ በሚሰለጥንበት ሰዓት የተጀመረ ነገር ሁሉ ይበላሻል። የእሁዱን የራሁ ሰዓት ስታይ አራት ተኩል ይላል።

«ሽማግሌዎቹ እሁድ አራት ተኩል ይምጡ» አለች። ነገሩ በራሱ ይበላሻል፤ እሷ ከደሙ ንጹሕ ናት።

እሁድ ጠዋት አራት ተኩል ላይ የዕድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ባጫ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። እኔ ወንበር ላቀብል ሄጄ ነበር። ውብአየሁ ጓዳ ሆና ጥፋት ትጠብቃለች። ራሁን ለማገዝ ብላ እግሩ የተነቃነቀውን ወንበር ለኦቦ ባጫ ሰጥታቸዋለች። ወንበሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኦቦ ባጫ ዕድር ላይ ሳያስቀይሙ የማይውሉ ሰው ናቸው፤ የዚያን ዕለት ግን ከአፋቸው ማር ጠብ ይል ነበር።

«እኔ ደስ ብሎኛል» አሉ እትዬ አስካለ። «የምትወስነው ግን ልጄ ናት። እስከ ማታ መልስ እንልካለን።»

ምሳ ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ እኔና እሷ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ራሁ ጉድ ሠርቷታል፤ እንግዲህ እምቢታውን ራሷ ልትናገር ነው። ለኦቦ ባጫ ልትደውል ስልኳን ስታነሳ ስልኩ በእጇ ላይ ጮኸ። «ራሁ ገባ» ይላል።

«አሁን? በአሥር ተኩል?» አለች።

«4:30 ይላል እኮ» አልኳት። «ስልክ በፈረንጅ አይደል የሚቆጥረው?»

ይህን የማያውቅ የለም። እሷም የስልኳን ሰዓት በየቀኑ ስድስት ቀንሳ ነው የምታነበው። የሰማይ ነገር ሲሆን ግን በእኛ ሰዓት የሚናገር መስሏታል። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«እማዬ! በስንት ሰዓት ነው የወለድሽኝ?»

«ስንቴ ልንገርሽ? ከሌሊቱ ስምንት!» አሉ እትዬ አስካለ ከውስጥ።

የተወለደችበትን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ስንት የደከመች ልጅ፣ ሰዓቱን ስምንት፣ ማታ ብላ አስገብታው ኖሯል! በእነሱ አቆጣጠር የተወለደችው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የስድስት ሰዓት ስህተት ማለት ደግሞ፣ ሚስተር ሱሬሽ እንዳስተማራት፣ ቤቶቹ በየሁለት ሰዓቱ ስለሚዞሩ የሦስት ቤት ስህተት ነው።

«ቬኑስ ከሰባት ወደ አራት ወረደች» አለች በጣቷ ቆጥራ።

«አራት የምን ነበር?»

«የተሽከርካሪ።»

ስንት ዓመት የጠበቀችው ባል መኪና ሆኖ አረፈው። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ሰባተኛው ቤት ውስጥ ታዲያ ማን አለ?» ብላት ልትቆጥር ጀምራ ተወችው። ትክክለኛውን ሰዓት አፑ ላይ አስገባች። ኔትወርኩ እንደልማዱ ያዘግማል። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ሲከፈት፣ ሰባተኛው ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሳተርን ነው።

በነጠላ ጫማ ሮጠች። እኔም ከኋላዋ። ኢተፋ እሁድም ቢሆን ባጃጅ ሥር ተጋድሟል። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። የሚፈነድቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እንግዲህ ኮከቡ ባይዞር ኖሮ መልሱ እምቢ ነበር» አላት።

እውነቱን ነው። አሳዘነኝ።

ውብአየሁ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አፑ እስኪከፍት ምን ስል እንደነበር ታውቃለህ?» አለችው። «እመቤቴ ማርያም፣ እባክሽ ሳተርን አድርጊልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ።»

በህንድ ኮከብ ላይ ማርያምን የላከ ሰው ከእሷ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

«ሳይከፈት?» አላት ኢተፋ።

«ገና ሳይከፈት።»

አቀፋት። ግራሶው እስከ ዛሬ ከዚያ ቀሚስ ላይ አልለቀቀም፤ ሳሙናውን ከእኔ ነው የምትገዛው።

አሁን ተጋብተዋል። ኢተፋ ከአሮጌ ባጃጆች ዕቃ ለቃቅሞ አንድ ባጃጅ ገጣጠመላት፤ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ። ከተጂ የመጡት ሁለቱ ሽቶዎች እሱ ላይ ተንጠልጥለዋል። ጥላውንም አብረው ገዝተው ማርያም አስገቡ። ቄሱ ሲቀበሏት፣ «ምን ለምነሽ ነው የሰመረልሽ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቋት። ውብአየሁ ኢተፋን አየት አደረገችና፣ «እሱን» አለች። ሳተርን የሚባል ስም አላነሳችም።