ሁለት ጊዜ የቋጠርኩት መቀነት

ባለፈው ሰኔ የእህቴን የልጅ ልጅ ሃያትን ይዤ ከሚሴ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን እጀታ ስታንሸራትት፣ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ይተረማመስ ጀመር። ለእኔ ደመና ነበር። እሷ ግን እጇን አቆመችና፣

«ማሻአላህ፣ ሁለት ናቸው» አለች።

ሃያት ሳቀች። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

«እማማ፣ አመምዎት እንዴ?»

«የለም። እስቲ ደግመሽ እይልኝ፣ ልጄ። ሌላ እንደሌለ።»

አልሳቀችብኝም። ደግማ አየች። «ሁለት ብቻ ናቸው» አለችና አንደኛው አግድም መተኛቱን፣ እስከ መውለጃዋ ሊዞር እንደሚችል፣ በየወሩ እያየች እንደምትከታተለው፣ ቀኗ ሲቃረብም ደሴ ሄዳ መውለድ እንዳለባት ነገረችን። ይህን ሁሉ ከመውለጃዋ አራት ወር በፊት። እኛ የዛሬ ሃምሳ ዓመት፣ እህቴ ስትወልድ፣ ሁለት መሆናቸውን ያወቅነው ግን አንደኛዋ ከተወለደች በኋላ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ከዲጃ ወደ ጨፋ ሮቢት ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እናታችን በወባ ተኝታ ስለነበር፣ መቀነቷን ፈታ ሰጠችኝና «ሂጂ፣ እጅ ሁኛት» ብላ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ላከችኝ። በእህል መኪና ላይ ተጭኜ ወረድኩ። ጥቅምት ሊያልቅ ነው። ማሽላው ቀልቷል፤ ወፍ ጠባቂዎቹ ከየማማቸው ላይ ይጮኻሉ። የቦርከና ውሃ ጎድሎ ዳር ዳሩን ጭቃው ተሰነጣጥቋል። ከዲጃ ያንን ሰሞን ከጥንቅሽ በቀር የሚጥማት ነገር አልነበረም። የላጠችው ልጣጭ ከበሩ እስከ መደቡ ተጎዝጉዞ፣ ስንረግጠው እግራችን ላይ ይጣበቅ ነበር።

«በቀኝም በግራም ይራገጣል» ብላ እጆቼን ሆዷ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱም መዳፎቼ በአንድ ጊዜ ተመቱ።

«ሁለት ቢሆኑስ?» አልኩ።

የመንደሩ አዋላጅ መዲና ነበሩ፤ ሁሉም ሰው «አዮ መዲና» ይላቸዋል፤ እናት እንደማለት ነው። ከት ብለው ሳቁ።

«ያስኳላዋ ልጅ! ሆድ እንደ ደብተር ተገልጦ ይነበባል እንዴ? እጁ በዚህ ነው፣ እግሩ በዚያ። ወንድ ነው፤ ገና ሳይወጣ ይማታል።»

ጎረቤቶቹም ሳቁ። አፈርኩ። ደግሜ አላነሳሁትም።

ምጥ የያዛት ሰኞ ጠዋት ነው። ባሏ በሬ ሊሸጥ ባቲ ገበያ ሄዷል። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሴት ልጅ ተወለደች። እልል ተባለ፤ የገንፎ ውሃ ተጣደ። የቀረው የእንግዴ ልጁ ነበር። እሱ ግን ዘገየ። የዘገየ የእንግዴ ልጅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከልብ ይደርሳል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ከሆድ በላይ በመቀነት ይታሰራል። አዮ መዲና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ጉልበት አለሽ፣ እሰሪ።»

የእናቴን መቀነት አሰርኩ።

«አጥብቂው! እስክሪብቶ ነው እንዴ የያዝሽው?»

ትንፋሼን ይዤ ሳብኩ። ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

ጠበቅን። ገንፎው ይንተከተካል፤ ቅቤ መቅለጥ ጀምሯል። ከዲጃ ዓይኗን ጨፍና እንደተኛች፣

«አዮ፣ ይራገጣል» አለች።

«ምኑ?»

«እንጃ። ይራገጣል።»

«የእንግዴ ልጅ አይራገጥም፣ ልጄ» አሉ አዮ መዲና። ከአፋቸው የወጣውን ራሳቸው ሲሰሙት ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ከመቀነቱ ሥር ሰደዱና በኦሮምኛ «ላማ!» ብለው ጮኹ። «ሁለት ነው! ያ ረቢ፣ ሁለት ነው! ፍቺው!»

አልፈታ አለኝ። ጥፍሬ ተሰበረ። አንዲት ጎረቤት ማጭድ አምጥታ መቀነቱን ቆረጠችው። ብዙ ቆይቶ ወንድ ልጅ በእግሩ መጣ። አላለቀሰም። አዮ መዲና ገለበጡት፣ አፉን ጠረጉት፣ ተነፈሱበት፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ፀጉሩ እንደ እህቱ ብዙ ነበር። ገንፎውን ያስታወሰው ሰው ስላልነበረ እሳት ላይ አረረ።

በዚያው ቀን አስር ሰዓት ላይ የመንደሩ ወንዶች ቀበሩት። ባሏ በማግስቱ ሲደርስ ከባቲ የገዛው የአንድ ልጅ ልብስ ነበር፤ ያገኘውም አንድ ልጅ ነው። «የአላህ ሥራ ነው» ተባለ። መቀነቱን ማን እንዳሰረው ማንም አልጠየቀም፤ ከዲጃም ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ያላወቀች መሰለኝ። እኔም ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ።

ባለፈው ሰኔ ከክሊኒኩ ሳንወጣ ሐኪሟን፣ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ፣ መቀነቱ ገድሎት ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። «በእግሩ የመጣ ልጅ ያለ መቀነትም ሊጎዳ ይችላል። ቀድሞ ቢታይ ግን እናቱ ሆስፒታል ትወልድ ነበር» አለችኝ። መልሱ ትክክል ይመስለኛል። አላቀለለልኝም።

ከክሊኒኩ እንደወጣን ሃያት ለእናቷ ደወለች። እናቷ ሰዓዳ፣ ያን ሰኞ በሕይወት የተረፈችው ልጅ ናት። ሃያት ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ።

«አክስቴ፣ ሰማሽ? ሁለት!»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ከዚያም ሳላስበው፣ «ሰዓዳ፣ ያን ቀን መቀነቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለት ባጃጆች እየጮኹ አለፉ። 

«አውቃለሁ» አለች። «እናቴ ነግራኛለች። ‹ማወቅሽን እንዳታሳዪያት፣ ከእኛ ትሸሻለች› ብላኝ ነበር።»

ስልኩን ለሃያት መልሼ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዲጃ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በየዒዱ ከአንድ ትሪ ስንበላ ከፊቷ ላይ ምንም አይቼ አላውቅም። እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከእሷ ስደብቅ፣ እሷም እስክትሞት ድረስ ማወቋን ከእኔ ትደብቅ ነበር።

ሃያት አጠገቤ መጥታ ሐኪሟ የሰጠቻትን ትንሽ ፎቶ እጄ ላይ አደረገች። መነጽሬን በነጠላዬ ጠርጌ አየሁት። ቅድም ደመና ከመሰለኝ ውስጥ አሁን ሁለት ጭንቅላት ለየሁ።