ሐይቅ ልናይ የሄድን ዕለት

ሐይቅ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ዝም ብሎ ሊያየው ስንቅ ቋጥሮ የሚሄድ ሰው ያየሁት በጣሊያን ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር የሰፈረው የጣሊያን ሻምበል ሊያሠለጥነን መጥቶ የመጀመሪያ ሥራው ከጉና ሥር ያለችውን ትንሽ ሐይቅ መጎብኘት ሆነ። በዕውር አገር አንድ ዓይና ብርቅ ነውና፣ እኔም ከመንገድ ሥራ በለቃቀምኳት ጣልያንኛ አስተርጓሚ ተባልኩ።

መንገድ መሪ ሲፈለግ ቄሱ አጎቴ "እኔ አለሁ" አሉ። ለሐይቁ ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይዘረፍ ፈርተው ታቦቱን ሐይቁ ዳር ካለው የገደል ዋሻ የደበቁት እሳቸው ነበሩ። ከተገኘ ታቦቱ ባሕር ይሻገራል፣ እሳቸው ይሰቀላሉ።

"ዋሻው ከማይታይበት ዳር አድርሼ እመልሳቸዋለሁ። አንተ ብቻ አፍህን ያዝ!" አሉኝ።

እኔ አፌን ያዝኩ። ሻምበሉ ግን ከጉብታው ላይ ይበልጥ ያምራል ብሎ ፈረሱን ወደዚያ አዞረ። ጉብታው ላይ ስንወጣ ዋሻው ከውሃው ማዶ ፊት ለፊት ድቅን አለ። አጎቴ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዕድሜ ልካቸውን በታቦት ፊት በበቅሎ አልፈው አያውቁምና ዱብ ብለው ወረዱ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሦስት ጊዜ ሰገዱ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት፣ ገደልና ውሃ ብቻ ባለበት! ምስጢር ጠባቂ እንዲህ ነው።

"ለምንድን ነው የሚሰግደው?" አለኝ ሻምበሉ፣ ማዶውን እያማተረ።

የአጎቴ አንገት በገመድ ውስጥ ታየኝ።

"ጌታዬ፣ ሐይቋ በጣም የምታምረው ከዚህ ስለሆነ አገሬው እዚህ ሲደርስ ወርዶ እጅ ይነሳል" አልኩት።

ሻምበሉ ደስታው ወሰን አጣ። ለካ እኛም ውበት እናውቃለን! ከፈረሱ ወረደ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ወታደሮቹንም አሰለፈና ባንድነት ጎንበስ አሉ።

አጎቴ ደርቀው ቀሩ። "ምን ብለኸው ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ። ነገርኳቸው። ታቦቱ ከተደበቀ ወዲህ በቀን የተሳለመው ሰው አልነበረም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ዋሻው የሚሰግዱትን ጠላቶቻችንን ከራስ እስከ እግር አዩአቸው።

"እንግዲያውስ ጫማቸውንም እንዲያወልቁ ንገረው" አሉኝ።