ፀሐይ ላይ የተሰጣው ሸክላ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ ስዘረዝር ይችን አንዷን እየዘለልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። እናንተ አታውቁኝም፤ መናገሩ የቀለለኝም ለዚያ ይሆናል።

ሚዛን ከተማ አጠገብ ባለችው አማን ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበርኩ። ሞባይል ገና ሚዛን ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ሰው «መሐንዲሱ» ይለኛል፣ እኔም ስሙን አምኜ ተቀብዬዋለሁ። «አላውቅም» የምትባል ቃል ከአፌ አትወጣም። ምናለ ያን ቀን እንኳ ብትወጣ?

ጋሽ በየነ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ለዘፋኞች ተቀባይ ነበሩና አንዲት ትንሽ የዘፈን ሸክላ ላይ ድምፃቸው ቀርቷል። ልጃቸው ሰናይት ገና ዳዴ ስትል እናትየዋ ሞቱ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ሰናይት ግን የማታውቀውን የእናቷን ድምፅ እየናፈቀች ነው ያደገችው። የሸክላ ማጫወቻው ይሠራል፣ ይያያዝበት የነበረው ሬዲዮ ግን ከተቃጠለ ቆይቷል። ሰናይት ቴፒ ሥራ እንደያዘች አምፕሊፋየር ከነስፒከሩ ገዝታ ላከች። «እሑድ እመጣለሁ፣ እማዬን ታሰማኛለህ» ብላለች። ሁለቱን እንዳገናኝ እኔ ተጠራሁ።

ከአምፕሊፋየሩ ኋላ የቀዳዳው ብዛት! የማጫወቻውን ሽቦ የቴፑ ቦታ ላይ ሰካሁት፤ ድምፁ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ሆነ። ስጨምረው ጉርምርምታ ዋጠው። የሲዲው ቦታ ላይ ብሰካው ያው ነው። ከማጫወቻው የወጣች አንዲት ቀጭን ሽቦ መግቢያ አጣሁላትና ተናድጄ በፒንሳ ቆረጥኳት። ሁለት ቀዳዳዎች ደግሞ የፕላስቲክ ክዳን አላቸው። ፋብሪካ ያሸገውን ምን አስነካኝ ብዬ ተውኳቸው። ለሸክላ የተሠሩት እነሱ ነበሩ! ክዳኑን በጥፍሬ መንቀል ብቻ ነበር የቀረኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ላብ እያጠመቀኝ ከሁሉም ጋር ስታገል እነዚያን ሁለቱን ብቻ አልነካሁም።

ጋሽ በየነ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። በመጨረሻ «እንዴት ነው መሐንዲሱ?» አሉኝ። ያቺ ስም አቃጠለችኝ።

«ማሽኑ ደህና ነው፤ ሸክላው ነው የሻገተው። የሚዛን ዝናብ በልቶታል» አልኳቸው።

ውሸቱ ከየት መጣልኝ? አላውቅም። ግን አማረልኝ።

«ሌላ ሸክላ ብንሞክርስ?»

«ሁሉም ያው ነው ጋሼ፣ አይልፉ።»

«ታጥቦ ፀሐይ ቢመታውስ?»

«ይሞክሩት» አልኩና ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ሸክላ ፀሐይ እንደማይወድ አውቅ ነበር። ይህቺን እንኳ አውቅ ነበር! ቶሎ ከዚያ ቤት መውጣት ስለፈለግኩ ብቻ «ይሞክሩት» አልኩ።

እኛ አገር የሻገተ ነገር መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። ጫማ፣ ደብተር፣ ፍራሽ፣ ሁሉም ይሰጣል። ወሩ ኅዳር ነበር። ጋሽ በየነ ሸክላዋን በሳሙና አጥበው ጓሯቸው ባለው የቡና ማስጫ የሽቦ አልጋ ላይ ከቡናው ጎን አሰጧት። ጎረቤት እንደነገረኝ፣ እንደ ቡናው እያገላበጡ ዋሉ።

እሑድ ሰናይት መጣች፤ እኔም ተጠራሁ። የሸክላዋ ጠርዝ ተጣሞ ተነስቷል። መርፌው እየዘለለ ይወድቃል። ልጅቷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ያኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ጋሼ! ሸክላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል እንዴ? ማን እንዲህ አድርጉ አለዎት?» አልኩ። በልጃቸው ፊት። እኔ።

አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልጄ፣ የሽማግሌ ነገር» አሏት። ለምን አላጋለጡኝም? የተናገርኩትን ረስተው ነው እንዳልል፣ አስተያየታቸው የረሳ ሰው አስተያየት አልነበረም።

ከወር በኋላ የሌላ ደንበኛ አምፕሊፋየር ላይ የእነዚያን ቀዳዳዎች ጥቅም ተረዳሁ። ሮጬ ጋሽ በየነ ቤት ሄድኩ። ክዳኑን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ የቆረጥኳትን ሽቦ ቀጥዬ ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ያለው ብሎን ላይ አሰርኩ። የቀሩት ሸክላዎች ጥርት ብለው ዘፈኑ። አንዱም አልሻገተም ነበር። ሽማግሌው ሁሉ ነገር እንደገባቸው አወቅኩ፤ እሳቸው ግን «እጅህ ይባረክ» ብቻ አሉኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ከስድብ ሁሉ የባሰ ምርቃት እንዳለ ያን ቀን አየሁ።

ጋሽ በየነ ካረፉ ቆዩ። ለቅሶው ላይ ሰናይት እያለቀሰችም እየሳቀችም ለተቀመጠው ሰው አወራች፤ «አባዬ የእማዬን ድምፅ እንደ ቡና አስጥቶ አጠፋብኝ» አለች። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሸክላዋን ያስበላሸሁት ከዚያ ቤት ለመውጣት ቸኩዬ ነው ልል እችላለሁ። ለዚያ ሳቅ ግን ምን ምክንያት አለኝ?

ዛሬም ቴፒ ስሄድ ሰናይት ቤት ሳልገባ አታሳልፈኝም። የአባቴ ወዳጅ ትለኛለች፤ ምሳ ታቀርብልኛለች፤ እኔም እበላለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፣ ይቅር ትለኛለችና። እንዲቀለኝ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ትወቅልኝ፤ አባቷ ያን ቀን ሸክላዋን ያሰጡት እኔን አምነው ነበር።