የግዛው የገና ዱላ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ መጣ። የድሮ የስፖርት ዕቃ ይሰበስባል፤ ማሊያ፣ የሯጭ ጫማ፣ ዋንጫ። እኔም እንደ አቅሜ እሰበስባለሁ። ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ማሊያ ፊርማው የውሸት ነው፤ እያወቅሁ እወደዋለሁ። ሰውዬው ሳቀብኝ። ከዚያ ዓይኑ አጠገቡ በተሰቀለው የገና ዱላ ላይ አረፈ።

"ይሄስ ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው?"

"ጥርሴን ያረገፈው ሰው ዱላ ነው" ብዬ ድዴን አሳየሁት። ደስ አለው! ዱላውን ከግድግዳው አውርዶ ያገላብጠው ጀመር። የሰው ጥርስ መርገፍ ሰውን እንዲህ ሲያስደስት አይቼ አላውቅም።

ያኔ ወጣቶች ሳለን ጎረቤላ የሚባል አገር ነበር የምንኖረው። ገና ነው፤ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፣ እህሉ ገብቶ ሜዳው ገለባ ገለባ ይሸታል። ዶሮ ወጡን በልተን፣ የገብስ ጠላ ቀማምሰን፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተባብለን ወጣን። የዚያን ጊዜ ገና እንደ ዛሬው በቴሌቪዥን የሚታይ ጭፈራ አልነበረም። ሩር የምንላትን የእንጨት ኳስ ጫፉ በጎበጠ ዱላ ስንለጋ፣ ከሩሯ ይልቅ ቅልጥም ይመታ ነበር። አንዱ ቅንድቡ ተተርትሮ፣ ሌላው ጣቱ ተሰብሮ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እያለ ይዘላል።

ግዛው የታች ሰፈር ልጅ ቢሆንም ጓደኛዬ ነው። ሩሯን ሊለጋ ዱላውን ሲሰነዝር እኔ ጎንበስ አልኩ። ጓ! አፌ በደም ተሞላ። ጥርሶቼን ገለባው ላይ ተፋሁ፤ መንጋጋዬ ከቦታው ወጥቶ ተንጠለጠለ።

ታላቅ ወንድሜ ሙላት ጨዋታ አያውቅም። ደሜን ሲያይ መጥረቢያውን አንስቶ "ዛሬ ግዛውን ካልገደልኩ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!" እያለ ቁልቁል ወደ ግዛው ቤት ወረደ። ከኋላው እሮጣለሁ፤ ተው እንዳልለው መንጋጋዬ አይታዘዝም። ግዛው ከሞተ ወንድሞቹ ሙላትን ይገድላሉ፣ ከዚያም ተረኛው እኔ ነኝ። በእኛ አገር ደም መቆሚያ የለውም።

ግዛው ደጁ ላይ ጠበቀን። ዱላውን በሁለት እጁ ዘርግቶ "ጋሽ ሙላት፣ በገዛ ዱላዬ በለኝ፤ በመጥረቢያ ግን አትግደለኝ" አለ። ሙላት መጥረቢያውን ጥሎ ዱላውን ነጠቀው። ትከሻውን ሲለው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ደገመው። ራሱን ሊለው ሲያነሳ ግዛው ላይ ተደፋሁበት። ሙላት እኔን መምታት አቃተው። ዱላውን የበሩ መቃን ላይ ሰባብሮ ምድጃው ውስጥ ማገደውና ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ወጌሻ መንጋጋዬን አስሮልኝ አጥሚት በምጠጣበት ሰሞን ግዛው ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ መጣ። በደህናው እጁ አዲስ የወይራ ዱላ ይዟል።

"ያኛውን ወንድምህ ማገደው። ይሄን አስጠርቤልሃለሁ፤ በመጪው ገና በለኝና ይውጣልህ።"

አጅሬ እኮ የምሩን ነው! ገናው ሲደርስ ግን ትከሻው አልጠና፣ እኔም ብቻዬን ልጫወት አላሰኘኝ፤ ሜዳው ዳር ተቀምጠን ጠላ ጠጣን።

ሰውዬው ይህን ሰምቶ ዱላውን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ መለሰው።

"ለካ ትክክለኛው ተቃጥሏል። ይሄኛው ማንንም አልመታም?"

"ማንንም።"

"ታዲያ ምኑን ብለው ሰቀሉት?"

ቱግ ብዬ ነበር፤ እንግዳ ነውና ዋጥኩት። የሱ ደስታ የማረጋገጫ ወረቀት ይፈልጋል፣ የኔ አይፈልግም። ግዛው እስከ ዛሬ በየገናው ይመጣል። ጋቢውን ሳያወልቅ ወደ ግድግዳው ቀና ይልና "ዘንድሮስ አትለኝም?" ይለኛል።

"ተቀመጥና ጠላህን ጠጣ" እለዋለሁ።